የሆሳዕናው ጦርነት በሳን ሆዜ

ልጄ ለእንግሊዞች ጦርነት የለበሰውን ካፖርት የሰፋሁለት እኔ ራሴ ነኝ። ኦክላንድ ውስጥ በምሠራበት የልብስ ማስተካከያ ሱቅ፣ ደንበኛ ጋብ ሲል፣ በሁለት ሸራ መሃል ጥጥ እየጠቀጠቅሁ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት በመስመር በመስመር ሰፋሁት። ሲያልቅ ክብደቱ የአልጋ ፍራሽ ያህል ነበር። ልጄ ለብሶት መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለና፣ ሀብታሞቹ ወታደሮች ከዚህ በላይ ብረት እንደሚደርቡ፣ ብረት የሌለው ተራ ወታደር ግን በዚህ ብቻ እንደሚዋጋ ነገረኝ።

"አንተ ከየትኞቹ ነህ?" አልኩት።

"ከተራዎቹ" አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያኔ፣ በሁለት ሺህ አሥሮቹ መጀመሪያ፣ ልጄ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ገብቶ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የሚማረው ኮምፒውተር ነው። ልቡ ግን ከትንሽነቱ ጀምሮ ታሪክ ላይ ነው፤ በተለይ የፈረንጅ ነገሥታት ታሪክ ላይ። ይህን ያስለመደው አባቱ ነው። አባቱ ኦክላንድ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ስለነበር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ልጁን ከትምህርት ቤት ይዞ ላይብረሪ ይገባል፤ ልጁ ስለ ግንብና ስለ ጎራዴ ሲያነብ እሱ ወንበር ላይ ያንቀላፋል። የሁለት ሺዎቹ ዓመታት ለኛ እንዲህ አለፉ። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ እየተሰበሰቡ የድሮ ጦርነት የሚጫወቱ ሰዎች አገኘ። ጨዋታ የምለው እኔ ነኝ። እነሱ እንዲህ ሲባል ይከፋቸዋል፤ ታሪክን በሥጋና በደም ማሳየት ነው ይላሉ። ደም ግን አልነበረውም።

ባለቤቴ ኤርትራዊ ነው፤ ያደገው ግን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ነው። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይበልጣል፤ የኔ የወሎ ቅላጼ ሲያመልጠኝ ይስቅብኝ ነበር። የተዋወቅነው ኦክላንድ፣ በአንዲት የሰፈራችን ልጅ ኒካህ ላይ ነው። ስለ ራሱ የነገረኝ አጭር ነው፦ አባቱን ደርግ አስሯቸው እስር ቤት ሞተዋል፤ እሱ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሸሽቶ ሱዳን ገባ፤ ካርቱም ከርሞ በስደተኝነት አሜሪካ መጣ። ሁላችንም እንዲህ ያለ አጭር ታሪክ አለን። ሰው ያሳጠረውን ታሪክ አስረዝም ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የራሴን ግን ነግሬው ነበር፤ ከመጋባታችን በፊት፣ ሁሉንም።

የደሴ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሁለት የስፌት መኪና ነበረው፤ በአንዱ እሱ፣ በሌላው ታላቅ ወንድሜ ይሰፋሉ፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጫፍ እዘመዝማለሁ። ወንድሜ ዝምተኛ ነበር። ጨርቅ ሲቆርጥ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ነው፤ ጠላት ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ሰዎች ከወታደሮች ጋር መጡና ከመኪናው ላይ አስነሱት። የጀመረው ሱሪ አንድ እግሩ ሳያልቅ መርፌው ላይ ቀረ። ብሔራዊ ውትድርና ነው ተባለ። አባቴ ተከትሏቸው እስከ ቀበሌው ሮጠ፤ በር ላይ መለሱት። ወንድሜን ጥቂት ወር አሠልጥነው ወደ ሰሜን ላኩት።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በክራንች የሚሄድ ሰው ቤታችን መጣ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ጓድ የነበረ ነው። ከከረን በላይ አንድ ኮረብታ ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ማታ ማታ ሲታኮሱ ሰንብተው መስመሩ እንደተሰበረ ነገረን። ወንድሜ ጭኑን ተመቶ ነበር። "ድንጋይ ሥር አስጠግተነው፣ እንመለሳለን ብለነው ሄድን" አለ። ከዚያ እኛን ማየት አቅቶት መሬት መሬት አየ። አልተመለሱም።

አባቴ ያኔ አርፎ ነበር። ሰፈሩ ለቅሶ ለመቀመጥ ሲሰበሰብ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አላስገባም አለች። "ቆሰለ ነው የተባልኩት። ሞተ ያለኝ የለም" አለች። ለሙት የሚወጣውን ሰደቃም አላወጣችም። እኔ በዓመቱ በአክስቴ በኩል ኦክላንድ መጣሁ፤ እሷ ልጇን ስትጠብቅ ቀረች። ስልክ በደወልኩ ቁጥር፣ ከሱዳን የተመለሰ እስረኛ፣ ከየመን የመጣ መርከበኛ፣ ያላየችው ያልጠየቀችው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስነግረው ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ "አላህ ያውቃል" አለ። ሐዘኔን የተካፈለኝ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ያገባሁት ለዚያ ዝምታው ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ካፖርቱን በሰፋሁበት ክረምት ልጄ ከሳን ሆዜ በመጣ ቁጥር እራት ላይ ወሬው ይኸው የእንግሊዞች ጦርነት ሆነ። በእንግሊዝኛ ያወራል፤ መሃል መሃል እኔን ለማስደሰት አማርኛ ጣል ያደርጋል። የዮርክ ቤትና የላንካስተር ቤት የሚባሉ ናቸው። የሁለቱም ዘር ከአንድ ንጉሥ ይመዘዛል። ዘውዱ ለኔ ይገባል፣ ለኔ ይገባል እየተባባሉ ሠላሳ ዓመት ያህል ተራረዱ። መጀመሪያ የተጋጠሙት ሴንት ኦልባንስ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ በሰው ደጃፍ ነው። ዌክፊልድ ላይ የዮርኩ መስፍን ሲገደል ጭንቅላቱን ቆርጠው፣ የወረቀት ዘውድ አድርገውበት፣ የራሱ ስም ያለባት ከተማ በር ላይ ሰቀሉት። ቴውክስበሪ ላይ ደግሞ የተሸነፉት ሮጠው ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ ከዚያ አውጥተው በገበያው መሃል አንገታቸውን ቀሉ።

"ዘመዳሞች ናቸው አላልክም?" አልኩት።

"ከዝንስ፣ ማሚ። ሁሉም ከዝንስ ናቸው።"

"የኛም መሳፍንት እንደዚሁ ነበሩ።"

"ሪሊ?" አለ፤ ግን ስለኛ መሳፍንት አልጠየቀኝም።

አባቱ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ በልቶ ይነሳል። አንድ ቀን ብቻ፣ ሹካውን እንደያዘ፣ "መጨረሻው ምን ሆነ?" ብሎ ጠየቀ። ልጄ ደስ አለው። ከላንካስተር ወገን የሆነ አንድ ሰው ቦስዎርዝ ላይ አሸንፎ ነገሠ፣ የዮርክን ልጅም አገባ፣ ጦርነቱም በዚሁ አበቃ አለው።

"ተጋቡ በለኛ" አለ አባቱ።

"አዎ፣ ተጋቡ።"

ባለቤቴ ሳህኑን አንስቶ ወደ ማጠቢያው ሄደ።

ከሁሉም የከፋው ታውተን ነው ይል ነበር ልጄ። የዋለው በሆሳዕና እሁድ ነው። በረዶ ይጥላል፤ ነፋሱ በረዶውን የላንካስተሮች ዓይን ውስጥ ይሞጅረዋል፤ ቀስታቸው ነፋሱን መስበር አቅቶት ግማሽ መንገድ ላይ ይወድቃል። ዮርኮቹ ደግሞ የወደቀውን እየለቀሙ በራሳቸው ቀስት መልሰው ይወጓቸዋል። መስመሩ ሲሰበር ሸሽተው ወንዝ ውስጥ ገቡ፤ ኋላ የመጡት በሬሳ ላይ ተረማምደው ተሻገሩ ይባላል። ማንንም እንዳትምሩ ተብሎ ነበርና የተማረከ የለም። ሆሳዕና ሲል እኔን ትዝ ያሉኝ የደሴ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የክርስቲያኖቹ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለኔም የዘንባባ ቀለበት ያጠልቁልኝ ነበር። በዚያ ቀን ሰው ይታረዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የልጄ ማኅበር በፀደይ ታውተንን ሊያሳይ ሆነ። በሆሳዕና እሁድ፣ ሳን ሆዜ ዳር፣ ኮረብታዎቹ ሥር ባለ መናፈሻ። "ፕሊስ፣ ሁለታችሁም ኑ" አለን። ባለቤቴ ሥራ አለብኝ ብሎ ነበር፤ ልጁ ሲያኮርፍ ጊዜ ሺፍቱን ለጓደኛው ሰጠ።

ጠዋት ከኦክላንድ ተነስተን 880 የሚባለውን ፍሪዌይ ይዘን ወረድን። ኒውአርክን እስክናልፍ እምብዛም አላወራንም፤ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ሬዲዮ እንሰማለን። ደስ የሚል ቀን ነበር። ኮረብታዎቹ ገና አልደረቁም፤ አረንጓዴ ናቸው፤ ቢጫ አበባ ፈሶባቸዋል። መናፈሻው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሰዎቹ የሠለጠኑ ናቸው፤ ኢንጂነሩ፣ ነርሷ፣ አስተማሪው፤ ሁሉም ብረትና ቆዳ ለብሰው የበረዶ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ። ልጄ እየሮጠ መጣ። ካፖርቱ ልክ ሆኖለታል። እግሩ ላይ የድሮ አሠራር ቆዳ ጫማ አጥልቋል፤ በገመድ የሚታሰር።

"እኔ ላንካስተር ነኝ" አለን። "ወንዙ ጋ ነው የምሞተው። ከዚህ ሆናችሁ በደንብ ታዩኛላችሁ።"

"እንዲህ አይባልም" አልኩት።

"ኢትስ ኖት ሪል፣ ማም" አለና ግንባሬን ሳመኝ።

ገመድ የተዘረጋበት ድረስ ሄደን ቆምን። ጺሙ የሸበተ ሰውዬ በድምፅ ማጉያ እያንዳንዱን ነገር ያስረዳል፤ እዚህ በረዶ እንዳለ አስቡ፣ እዚህ ነፋስ እንዳለ አስቡ ይላል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጫፉ ጎማ የሆነ ቀስት በረረ፤ ከዚያ ተጠጋግተው በጎራዴና በዱላ ተደባደቡ። መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ ብሎኝ ነበር። ኋላ የላንካስተሮቹ መስመር ተሰበረና መሮጥ ጀመሩ። ልጄም እየሮጠ መጥቶ፣ ውሃ የሌለው ትንሽ ቦይ አጠገብ፣ ከኛ በጥቂት እርምጃ፣ ከኋላው ተመታና ወደቀ። በደረቱ ነው የወደቀው። እጁ ከሥሩ ቀረ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ካፖርቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ግን ገመዱን ያዝኩ።

ሰውዬው በድምፅ ማጉያ ስለ ሬሳዎቹ ማስረዳት ጀመረ። አሸናፊዎቹ የሞቱትን እንደገፈፉ፣ ብረቱን፣ ልብሱን፣ ያለውን ሁሉ እንደወሰዱ ተናገረ። ዞር ስል ባለቤቴ አጠገቤ የለም። ገመዱን ተሻግሮ ልጁ ዘንድ ደርሷል። ቆሞ ጥቂት አየው። ከዚያ ተንበረከከና የጫማውን ገመድ መፍታት ጀመረ። ሲፈታ አይቸኩልም፤ አይዘገይም፤ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ነው የሚሠራው። አንዱን ጫማ ከተረከዙ ይዞ ሳብ አደረገና አወለቀው።

ሰዎች አጨበጨቡ። የትዕይንቱ አካል መስሏቸው ነው። ሰውዬውም በድምፅ ማጉያ "ልክ እንዲህ!" አለ።

ልጄ አንድ ዓይኑን ከፈተ። "ባባ? ምን እያደረግህ ነው?" አለው በእንግሊዝኛ፣ ሳቁን እያፈነ።

አባቱ መልስ የሰጠው በአማርኛ ነው፤ ለልጁ ይሁን ለማን እንጃ። "መጀመሪያ ጫማ ነው። እግሩ ሳያብጥ።"

እኔ ገመዱን መቼ እንደተሻገርኩ አላውቅም። "ምን አልክ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። የሌላ ሰው ፊት ነበር።

"አንተ ይሄን ከየት ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ" አለ። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። "ሱዳን በቀጥታ አልገባሁም። አራት ዓመት ሜዳ ነበርኩ።"

ሜዳ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የኛ አገር ሰው የለም። የኤርትራ ተዋጊዎች የነበሩበት በረሃ ነው። ወንድሜ ሊወጋቸው ተጭኖ የተላከባቸው ሰዎች።

ጥሩምባ ተነፋና ሙታኑ ሁሉ ተነሱ። ልብሳቸውን አራገፉ፣ ተቃቀፉ፣ ውሃ ጠጡ። ልጄ በአንድ እግር ጫማ እየዘለለ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ ብርቱካን ይዞልን መጣና "ዩ ጋይዝ ኦኬ?" አለን።

"ኦኬ ነን" አልኩት።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ገብተን ቁልፉን አላዞረም። እኔ ነኝ የጀመርኩት።

"የት ነበርክ?"

"ብዙ ቦታ።"

"ከከረን በላይ ነበርክ?"

ቁልፉን ነካ አድርጎ ተወው።

"ረመዳን ሊገባ ሲል?"

"ረመዳን ሊገባ ሲል" አለ። "ሸዳዬ ተበጥሶ ነበር። ላስቲክ ጫማ ነው የምናደርገው፤ ድንጋዩ ይበላዋል። ጠዋት ወደ ኮረብታው ስንወጣ በባዶ እግሬ ነበርኩ። ከአንዱ አወለቅሁ። ልኬ ነበር። የዚያን ዓመት ረመዳን በሙሉ የጾምኩት በሱ ጫማ ነው።"

"መልኩ ምን ይመስላል?"

"ፊቱን አላየሁም። ጫማውን ነው ያየሁት።"

"ሞቶ ነበር?"

"ሞቶ ነበር። ወላሂ ሞቶ ነበር።"

"ቁስለኞቹስ? ድንጋይ ሥር የቀሩት?"

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "መሸከም የቻልነውን ተሸከምን። ቃሬዛው ለኛም አልበቃም። ውሃ የለም። አንዱን አጠጣሁት፤ ከዚያ ኮዳዬ ባዶ ሆነ። ሌሎቹ ውሃ ውሃ እያሉ ነበር፤ በአማርኛ ነው የሚለምኑት። እኔም አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። ከጓዶቼ ይልቅ እነሱን ነበር የምሰማቸው። በማግሥቱ ስናልፍ ድምፅ አልነበረም።"

"ያጠጣኸው ወንድሜ ይሆን?"

"አላውቅም።"

"ያላጠጣኸውስ?"

"አላውቅም አልኩሽ እኮ።"

መኪናውን አስነሳና ወጣን። ፍሪዌዩ ላይ ስንደርስ፣ "ያን ሁሉ ስነግርህ፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ለቀስተኛ ስትመልስ፣ ምን ብለህ ዝም አልክ?" አልኩት።

"ብነግርሽ ታገቢኝ ነበር?"

"አላገባህም ነበር።"

"እንግዲህ።"

ይህቺን 'እንግዲህ' እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ ነገሩ ያለቀው በአንዲት ቃል ነው።

"አባቴንም አስቢ" አለኝ ቆይቶ። "አባቴን የገደለው መንግሥት ነው ወንድምሽን ያስታጠቀው።"

"ወንድሜ አባትህን አላሰረም" አልኩት። "ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር።"



ሳምንት ሙሉ አልደወልኩም። ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩ። ያኔ አርጅታለች፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው።

"እማዬ" አልኳት፣ "ሰደቃውን አውጪ።"

የማን ሰደቃ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

"ማን ነገረሽ?"

"እዚያው የነበረ ሰው።"

"በዓይኑ ያየ?"

"ቦታውን ያየ። ኮረብታው ላይ ድንጋይ ሥር ከቀሩት ቁስለኞች የተረፈ የለም አለኝ።"

"ውሃ አግኝቶ ነበር ወይ ልጄ?"

ይህን እንዴት እንደጠየቀች አላውቅም። ከሁሉ ነገር መርጣ ውሃን ጠየቀች። "አንዱን አጠጥቻለሁ ብሏል" አልኳት።

"ልጄ ይሆናል" አለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ስታለቅስ ስልኩን አልዘጋሁም። ሲበርድላት "ያ ሰው ማነው? የማን ልጅ ነው?" አለችኝ። የኦክላንድ ሰው ነው አልኳት። "አላህ ጀዛውን ይክፈለው። ከዚያ መከራ ተርፎ፣ ይሄን ለእናት የሚያደርስ ሰው ጨዋ ነው። ሰላም በይልኝ። ዱዓ አደርግለታለሁ" አለች።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁት። "እናቴ አመስግናሃለች" አልኩት። "ዱዓ አደርግለታለሁ ብላሃለች።" እጁ ላይ የውሃ ብርጭቆ ነበር። ሳይጠጣ አስቀመጠውና ወደ ውጭ ወጣ። እንዲጎዳው ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ተጎዳም። አልቀለለኝም።

በዚያው በጋ ሪችመንድ ወዳለ የአክስቱ ልጅ ቤት ሄደ። ዕቃውን ሲያወጣ ጎረቤት እንዳይሰማ ሁለታችንም ቀስ እያልን ነበር። በኋላ በሽማግሌም በፍርድ ቤትም ተለያየን። ሽማግሌዎቹ፣ የኛም የነሱም ሰዎች ናቸው፣ "ያለፈ ነገር ነው፤ ስንቱ ሆኗል" አሉኝ። ከመካከላቸው አንዱ ኤርትራዊ አባት፣ ልጃቸውን በዚያው ጦርነት ያጡ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተቀምጠው ተነሱ። የወደድኩት እሳቸውን ብቻ ነው።

ልጄስ? ነገሩን ከአባቱ ሲሰማ መጀመሪያ አዘነ። ስልክ ደውሎ፣ "ጦርነት ነበር ማሚ። ሁለቱም ልጆች ነበሩ፣ ከኔ ብዙም አይበልጡም ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ። ኋላ ግን ሐዘኑ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ሪችመንድ እየተመላለሰ አባቱን ማናገር ጀመረ። ምን ታጥቃችሁ ነበር፣ መስመሩ እንዴት ተሰበረ፣ ከየት በኩል ወጣችሁ። ለኔ በሃያ ዓመት ያልተነገረኝን ለሱ ወረቀት ላይ ኮረብታ እየሳለ ያስረዳው ጀመር። ልጄ በሕይወቱ አባቱን እንደዚያ ዘመን ወዶት አያውቅም። አንድ ቀን ደስ ብሎት፣ ማኅበሩ አባቱን ጋብዞ እንዲናገር እንዳደረገ ነገረኝ።

"ምን ብሎ ተናገረ?"

"እውነተኛ ጦርነት ምን እንደሚመስል። ሁሉም ፀጥ ብለው ነው የሰሙት። ኢት ዋዝ አሜዚንግ።"

"ስለ ጫማውም ነገራቸው?"

"አዎ።" ድምፁ ቀነሰ። "ስለሱ ነው አብዛኛው ሰው የጠየቀው።"

የወንድሜ ሞት ሳን ሆዜ ውስጥ፣ በበረዶ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ለሚበሉ ሰዎች አስደናቂ ወሬ ሆነ። ልጄን ያን ቀን ብዙ ተናገርኩት። አማርኛዬ ስለፈጠነ ግማሹን አልገባውም፤ የገባው ግን በቂ ነበር። ብዙ ወር ቴክስት ብቻ እያደረገልኝ ቆየ። ካፖርቱ ብብቱ ላይ ሲቀደድ ለኔ አላመጣውም፤ ሌላ ገዛ።

እናቴ ሰደቃውን አውጥታ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፈች። ያ ጨዋ ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ሞተች።

ከዚያ ሁለቱ አገሮች ታረቁ የተባለበት ዓመት መጣ። ኦክላንድ ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ይተቃቀፋል፤ ምግብ ቤቶቹ ውስጥ ይጨፈራል፤ አስመራና አዲስ አበባ ስልክ ተገናኝቶ ሰው ለማያውቀው ሰው እየደወለ ያለቅሳል። ባለቤቴም ደወለ። ከተለያየን ወዲህ ስለ ልጃችን ካልሆነ ደውሎልኝ አያውቅም።

"ሰላም ሆነ እኮ" አለኝ።

"ለማን?" አልኩት።

"ልሄድ ነው" አለ። "ከረን እሄዳለሁ። ያን ኮረብታ እፈልገዋለሁ።"

ሂድም አትሂድም አላልኩትም። ሄደ። ሲመለስ እንገናኝ አለኝና ኦክላንድ፣ አንዲት ሻይ ቤት ተገናኘን። በጣም አርጅቷል። ፀሐይ አቃጥሎታል።

"አላወቅሁትም" አለኝ ገና ሳንቀመጥ። "ኮረብታዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ይሄ ነው ብዬ እወጣለሁ፤ ላዩ ስደርስ አይደለም። ሹፌሩን ሰለቸው። ሦስቱ ላይ ዱዓ አደረግሁ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።"

"አራት ዓመት ኖረህበት?"

"በሌሊት ነበር የምንሄደው" አለ።

ሻዩ መጣ። ጥቂት ተወውና፣ አንዲት ፍየል የምትጠብቅ ሴትዮ እዚያ እንዳገኘ ነገረኝ። ትልቅ ሴት ናቸው። እዚህ የሞቱ ወታደሮች የት እንደተቀበሩ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ አንተ ማንን ፈልገህ ነው አሉት።

"ምን አልካቸው?"

ቀና ብሎ አላየኝም። "ወንድሜን አልኳቸው።"

"ወንድሜን?"

"ሌላ ምን ልበል? የሚስቴን ወንድም እንዳልል ሚስት የለኝም።"

"እሺ። ከዚያስ?"

"አለቀሱ። ይዘውኝ ቤታቸው ገቡ። ጎረቤት ጠርተው፣ ወተት አጠጥተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው አብረውኝ ተቀመጡ። እስኪመሽ ድረስ ሰው እየመጣ አላህ ያጽናህ ይለኝ ነበር።"

የደሴን በር አሰብኩ። እናቴ ቆማ የመለሰችውን ለቀስተኛ ሁሉ አሰብኩ። ለወንድሜ ያልተቀመጥነውን ለቅሶ፣ የኔ ባል ብቻውን፣ ከረን ተራራ ላይ፣ በውሸት ተቀመጠለት።

"ተቀበልካቸው?" አልኩት።

"ተቀበልኩ" አለ። "ይቅር በይኝ።"

ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ይቅር አላልኩትም፤ አልረገምኩትምም። ሦስት ሰዓት ላይ ልብሷን የምትወስድ ደንበኛ አለችኝ ብዬ ተነሳሁ። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ከኋላዬ ተከተለኝ፤ ሊናገር እየፈለገ ሲተው፣ ሊናገር እየፈለገ ሲተው ይሰማኛል። አውቶቡሱ ሲመጣ ሳልሰናበተው ገባሁ።